ዘጠና አራተኛው ተጠቃሚ

ሐምሌ ማብቂያ፣ ዓርብ ረፋድ፤ በሱፍቃድ አዲስ አበባ ካለው የሶፍትዌር ድርጅት ቢሮው፣ ሲስተር ወይንሸት ከአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል፣ በስልክ።

በሱፍቃድ፦ ደርሶናል ካሉ ታዲያ ለምን ምንም አላደረጋችሁም፣ ሲስተር? ሦስት ጊዜ ነው ማሳሰቢያ በኢሜይል የላክሁት። ከስልሳ ቀን በፊት፣ ከሠላሳ ቀን በፊት፣ ደግሞ ባለፈው ዓርብ።

ሲስተር ወይንሸት፦ ማን ነው ምንም አልተደረገም ያለዎት? ሦስቱም ታትመዋል። መዝገብ ቤት ገቢ ሆነው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። «ለሚመለከተው ይተላለፍ» ተብሎ ተመርቶባቸዋል።

በሱፍቃድ፦ የሚመለከተው ማን ነው?

ሲስተር ወይንሸት፦ ልዑልሰገድ ነዋ። ፕሮግራሙን የሠራልን ሰው።

በሱፍቃድ፦ እባክዎ እሱን ያገናኙኝ!

ሲስተር ወይንሸት፦ እሱማ ኮንትራቱ አልቆ ከሄደ ዓመት ሆነው። ስልኩም አይሠራም።

በሱፍቃድ፦ ታዲያ ደብዳቤዎቹ ወዴት ተላለፉ?

ሲስተር ወይንሸት፦ ወደ ፋይሉ። በስሙ የተከፈተ ፋይል አለው። እዚህ የገባ ደብዳቤ አይጠፋም፣ ወንድሜ። ከፈለጉ ኮፒ አስደርግልዎታለሁ።

በሱፍቃድ፦ የራሴን ደብዳቤ?

ሲስተር ወይንሸት፦ ምናልባት ካስፈለገዎት ብዬ ነው።

በሱፍቃድ፦ ይስሙኝማ። ሲስተማችሁ ለእናቶች የክትባት ቀጠሮ በስልክ መልእክት ይልካል፣ አይደል?

ሲስተር ወይንሸት፦ ሰኞ ሰኞ ጠዋት። አንድም ሰኞ ዘሎ አያውቅም።

በሱፍቃድ፦ ቀኑን የሚያሰላለት የእኛ ላይብረሪ ነው። ላይብረሪ ስልዎት፣ ሌሎች ፕሮግራመሮች ሥራቸው ውስጥ አስገብተው የሚጠቀሙበት ኮድ ነው። ዘጠና አራት ድርጅት ይጠቀምበታል። እስከ ዛሬ ቀኑን አስቀድመን ወሩን እናስከትል ነበር። እሑድ በሚወጣውና ሁሉም ጋ በራሱ በሚጫነው አዲሱ እትም ላይ ግን ወሩ ይቀድማል። ሁሉም በየበኩሉ አንድ መስመር መቀየር ነበረበት። ዘጠና ሦስቱ ቀይረው አረጋግጠውልኛል።

ሲስተር ወይንሸት፦ ያልቀየረውስ?

በሱፍቃድ፦ ሦስት፣ አሥራ ሁለት የነበረው አሥራ ሁለት፣ ሦስት ይሆንበታል። የነሐሴ ሦስቱን ቀጠሮ ኅዳር አሥራ ሁለት ብሎ ይልካል።

ሲስተር ወይንሸት፦ የኩፍኙን ክትባት? ኅዳር?

በሱፍቃድ፦ አዎ።

ሲስተር ወይንሸት፦ እዚህ እኮ ኩፍኝ ገብቷል! በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለት ሕፃናት አስተኝተናል።

በሱፍቃድ፦ ይህን አላወቅሁም።

ሲስተር ወይንሸት፦ ነሐሴ ሃያ የተቀጠረችዋስ?

በሱፍቃድ፦ ሃያኛ ወር የሚባል ስለሌለ መልእክቱ ጭራሹን አይወጣም።

ሲስተር ወይንሸት፦ እሷስ ተረፈች። ካርዷን አይታ ትመጣለች።

በሱፍቃድ፦ ቀኑ ካርዱ ላይ አለ? ታዲያ ሌሎቹስ ለምን ካርዱን አያዩም?

ሲስተር ወይንሸት፦ ካርዱና መልእክቱ ከተለያዩ መልእክቱን እመኑ ብለን ያስተማርን እኛው ነን። ቤት ለቤት ዞረን። ስንት ጫማ ጨርሰንበታል።

በሱፍቃድ፦ ወደ ፕሮግራሙ መግባት የሚችል አንድ ሰው እንኳ የለም?

ሲስተር ወይንሸት፦ የይለፍ ቃሉ ከልዑልሰገድ ጋር ሄዷል።

በሱፍቃድ፦ እንግዲያው መልእክቱን የሚልከውን ማሽን ሰኞ ያጥፉት።

ሲስተር ወይንሸት፦ ማሽኑ ያለው ወረዳ ነው። ክፍሉ ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዙት ሰውዬ የዓመት ፈቃድ ላይ ናቸው።

በሱፍቃድ፦ መብራት እንኳ አይጠፋም?

ሲስተር ወይንሸት፦ ይጠፋል እንጂ። ልዑልሰገድ ግን ባትሪ ገጥሞለታል። ጎበዝ ነበር፣ ምን ያደርጋል።

በሱፍቃድ፦ አወይ!

ሲስተር ወይንሸት፦ ለምን እርስዎ አያዘገዩትም? አንድ ሳምንት ብቻ።

በሱፍቃድ፦ ዛሬ ጠዋት አለቆቼን ለምኛለሁ። ዘጠና ሦስቱ ለእሑድ አስተካክለው ጨርሰዋል፤ ብናዘገየው የእነሱ ይበላሻል። እነሱ ውስጥም ሆስፒታል አለ። እኔ ደግሞ እትም አላወጣም፣ አላቆምም። ለውጥ ሲኖር ማሳወቅ ነው ሥራዬ።

ሲስተር ወይንሸት፦ እና አሳወቁ?

በሱፍቃድ፦ ነገርኩዎት እኮ፣ ሦስት ጊዜ...

ሲስተር ወይንሸት፦ ለማን?

በሱፍቃድ፦ ለካ ለፋይሉ ነው። የእናቶቹ ዝርዝር አሁን ይታይዎታል? እስከ እሑድ ድረስ ቀኑ ትክክለኛ ነው። ለእያንዳንዷ ደውለው «የሰኞውን መልእክት አትመኑ» ቢሏቸው...

ሲስተር ወይንሸት፦ ይታየኛል። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት እናቶች ናቸው። እኔ አንድ ነኝ። በር ላይ ሠላሳ ሰው ተሰልፏል። ስልኩን በትከሻዬ ነው የያዝኩት፣ ሕፃኑ እጄ ላይ ነው። ሲያለቅስ አይሰማዎትም?

በሱፍቃድ፦ ይሰማኛል። በቃ፣ ዝርዝሩን ይላኩልኝ።

ሲስተር ወይንሸት፦ የታካሚ ዝርዝር በጽሑፍ ከዚህ እንዲወጣ ከእናንተ የጥያቄ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤ ደግሞ እኛ ጋ የት እንደሚገባ አይተውታል።

በሱፍቃድ፦ እና ምን ይሻላል?

ሲስተር ወይንሸት፦ እጄ እንጂ አፌ አልተያዘም። እስክሪብቶ ያንሱ። አንደኛ፣ ወይዘሮ ዘይቱና ከማል፣ ነሐሴ ሦስት። ስልክ የላትም፤ የምሰጥዎት የጎረቤቷን ነው።