ሽማግሌው አጋዘን የቱ ነው

የሚኒባሱ ጎማ እስኪፈነዳ ድረስ አቶ ገሠሠ በምንም ነገር ግራ ተጋብተው የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። ዕድሜያቸውን በባሌ ተራሮች የውጭ አገር አዳኞችን ሲመሩ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ለቡ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። የፎቁን ደረጃ ሲወጡ እንኳ ዱካ እንደሚከተል ሰው ወለል ወለሉን እያዩ ነው። በዚያ ጠዋት ከለቡ ወደ ኃይሌ ጋርመንት በሚሄደው ታክሲ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጠው ንግግር ያጠናሉ። የአዳኝ መሪዎች ማኅበር ወክሏቸው «የባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ» በሚባል ስብሰባ ላይ ስለ አደን ሊናገሩ ነው። ባለድርሻ አካል ምን እንደሆነ በትክክል አያውቁም። ምሳ እንዳለው ግን ተነግሯቸዋል።

ንግግሩ «አደን የተከለከለ ዕለት» ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ጠረጴዛ ይመታል። የሚመቱበትን ቦታ ሳይቀር አጥንተውታል።

ነገሩ ለእሳቸው ቀልድ አይደለም። ልጃቸው ኢያቄም ሥራቸውን ወርሶ ባሌ ነው፤ በዚያው ጠዋት ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ይዞ ተራራ ወጥቷል። እንግዳው ለአንድ የደጋ አጋዘን ከፍሏል፤ የሚፈልገውም ረዥም ቀንድ ነው። በዚያ ተራራ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ቀንድ የቀረው አንድ ወንድ ብቻ ነው። አዲስ ጥብቅ መመሪያ ሊወጣ ነው ሲባል አቶ ገሠሠ የታያቸው አንድ ነገር ነው፦ እንግዳ ካልተኮሰ እንግዳ አይመጣም፤ እንግዳ ካልመጣ ኢያቄም ቤት ይቀመጣል።

ጎማው ሲፈነዳ ጥይት የተተኮሰ መሰላቸውና አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። ታክሲው እየተንገዳገደ አንድ ጎሚስታ ደጃፍ ቆመ። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ። ከኋላ ወንበር የወረደችው ለሊሴ ነበረች፤ ከእሳቸው በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት የወይዘሮ ናዝሬት ልጅ።

«ጋሼ ገሠሠ፣ እንዴት አደሩ? እርስዎም እዚህ ነበሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ወዴት ነው እንዲህ ተሽሞንሙነሽ?»

«ስብሰባ አለብኝ። ስለ አደን መመሪያ።»

አቶ ገሠሠ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ይህች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ አውሬ ተማረች ሲባል ሰምተው፣ «አውሬ ደግሞ ምን ትምህርት አለው» ብለው ስቀው ነበር።

«ታዲያ ያንን መመሪያ ካረቀቁት ነሽ በይኛ።»

«አዎ፣ አለሁበት ጋሼ።»

እግዜር ጠላትን እደጅ ድረስ ሲያመጣ እንዲህ ነው። ሽማግሌው ከጎሚስታው አሮጌ ጎማዎች በአንዱ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ፤ ስብሰባው እስኪደርስ ንግግሩን እዚሁ ቢሞክሩትስ?

«እንግዲህ ስሚኝ ልጄ። አደን የተከለከለ ዕለት ጫካው ይታረሳል። ገበሬው አጋዘኑን የሚታገሠው ስለሚወደው አይደለም፤ ገብሱን ይበላበታል። የሚታገሠው ከአደኑ ድርሻ ስለሚደርሰው ነው። ድርሻው ሲቀር ከብቱን ይነዳበታል፣ ዛፉን ከሰል ያደርገዋል። ያን ጊዜ አጋዘኑን በወረቀት ታድኑታላችሁ።»

«ልክ ነዎት» አለች ለሊሴ።

«እ?»

«ልክ ነዎት ጋሼ። በደንብ የተመራ አደን ጫካውን ሊያቆየው ይችላል። እኛም አደን ይቁም አላልንም።»

ገደል ልዝለል ብሎ የተንደረደረ ሰው ገደሉን ሲያጣው እንደሚሆነው አቶ ገሠሠ ሚዛን አጡ። የንግግራቸው ግማሽ ተበልቷል፤ ጠረጴዛ የሚመታበት ቦታም አብሮ ሄደ።

«ታዲያ ምንድነው ያላችሁት?»

«ይጥበቅ ነው ያልነው። ከዘላቂ አጠቃቀም መርህ አንጻር፣ የኮታ ምደባው በሥነ ሕዝብ አወቃቀር...»

ጎማውን በውኃ ሳፋ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳ የሚፈልገው ጎሚስታው ቀጄላ ቀና አለ። ቀጄላ የለቡ ተወላጅ ነው፤ አባቱ በበሬ ባረሱት መሬት ላይ እሱ ዛሬ ጎማ ይለጥፋል።

«እህቴ፣ ለአጋዘን ነው ወይስ ለካድሬ የምታወሪው? በሰው ቋንቋ ንገሪያቸው እንጂ።»

ለሊሴ ፊቷ ቀላ። ትምህርት ቤት ያስተማራትን ወደ ጎን ብላ የእናቷን አማርኛ ፈለገች።

«እሺ። ጋሼ፣ እንግዳ ሲመጣ የትኛውን ነው የምታሳዩት?»

«ሽማግሌውን ነዋ። ወጋችን ነው። አባቴም ያደረገው ይህንኑ ነው። ወጣቱን አንነካም፤ ዕድሜውን የጨረሰውን ነው የምንሰጠው።»

«ሽማግሌ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?»

«ይህም ይጠየቃል? በቀንዱ። ረዥሙ ሽማግሌ ነው።»

ለሊሴ ከዘራቸውን አየች። «ይህ ከዘራ ሲገዙት ነው ወይስ አሁን ነው ረዥሙ?»

«ሲገዛ ነው እንጂ። አስፋልቱ በላው።»

«አጋዘኑም እንደዚያው ነው። ሲያረጅ ዛፍ ሲፈትግ፣ መሬት ሲቆፍር፣ ሲዋጋ የቀንዱ ጫፍ ያልቃል፤ ይዶለዱማል። ረዥምና ሹል የሆነው ጉልማሳው ነው፤ ሴቶቹን የያዘው።»

ቀጄላ ሳፋው ላይ እንዳጎነበሰ ሳቀ። «አባቴ፣ እንግዲያ ስታስገድሉ የኖራችሁት ሙሽራ ሙሽራውን ነው።»

አቶ ገሠሠ ከዘራቸውን ገልብጠው ጫፉን ማየት ያዙ። የፎከሩባቸው ቀንዶች ሁሉ በዓይናቸው መጡ። አንዱም ጫፉ የዶለዶመ አልነበረም። ዶልዷማ ቀንድ ሲያዩማ «ይሄ የተበላሸ ነው» ብለው ያልፉት ነበር። ወይስ ልጅቱ ናት የተሳሳተችው? መጽሐፍም ይሳሳታል። ግን ከዘራው? ከዘራ ይሳሳታል?

ቀጄላ ወሬው ጣፈጠው። «እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። አጎቴ ኢታና እዚሁ፣ ያ ፎቅ የቆመበት ጋ፣ ከብት ነበረው። ልጁን ሲድር ሰው እንዲያወራለት ብሎ የሰፈሩን ኮርማ አረደ። ‹ኢታና ኮርማ አረደ› ተባለለት። በሚቀጥለው ዓመት ላሞቹ ሁሉ ባዷቸውን ቀሩ። ‹ኢታና ወተት ገዛ› ተባለለት።»

«ግን በኋላ ኮርማ አላገኘም?» አሉ አቶ ገሠሠ፤ ማምለጫ ያገኙ መስሏቸው።

«ከጎረቤት መንደር፣ ከፉሪ ተዋሰ።»

«ይኸው። ተዋሰ። አጋዘንም ከሌላ ተራራ ይመጣል።»

«ከየትኛው ጋሼ?» አለች ለሊሴ። «የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። በተራራው ዙሪያ እርሻ ነው፤ ከተማ ነው። አጎታቸው ፉሪ ሄደው ተዋሱ። እኛ ከማን እንዋስ?»

አንድ ሚኒባስ «ጋርመንት፣ ጋርመንት» እያለ አለፋቸው፤ ማናቸውም ቀና አላሉም።

እንግዲህ አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ሲሞገት ሦስት ነገር ያደርጋል፤ ይቆጣል፣ ወይም ወግ ይጠቅሳል፣ ወይም ልጁን ያነሳል። አቶ ገሠሠ ለመቆጣት ኃይል አጡ፤ ወጉም ከዘራው ላይ ተሰናክሏል። የቀራቸው ልጃቸው ነው።

«ኢያቄምስ? አንቺ ደመወዝ አለሽ። እሱ ዛሬ እንግዳ ይዞ ተራራ ላይ ነው፤ ደመወዙ እዚያ የቀረው አንድ ረዥም ቀንድ ነው። እንግዳው ዶልዷማ ቢያሳዩት ተሳድቦ ይሄዳል።»

ለሊሴ የሽማግሌው ድምፅ መለወጡ ተሰምቷታል።

«ዘንድሮ አንዳንዱ እንግዳ ይቆጣ ይሆናል። እሱን አልዋሽዎትም። ግን ኢያቄም ስንት ዘመን መሥራት ነው የሚፈልገው? ያ የመጨረሻው ረዥም ቀንድ ዛሬ ከወደቀ በሚቀጥለው ወቅት ለሚመጣው ምን ያሳየዋል? ግልገል?»

«ታዲያ መመሪያው ምን ይላል? ቀስ ብለሽ።»

«መጀመሪያ ይቆጠር ነው የሚለው። ሳይቆጠር ይህን ያህል ይገደል አይባል። የሚቆጥረውም ከግድያው የሚጠቀመው ሰው አይሁን።»

«እኛን ሌባ እያልሽ ነው?»

«ሠርግ ደጋሹ ራሱ እንጀራውን ቢቆጥር ሁልጊዜ ይበቃል ነው የሚለው ጋሼ።»

ቀጄላ አሁንም ሳቀ። ለሊሴ ቀጠለች። «ከመኪና ላይ አይተኮስ። ምንጭ ዳር አድፍጦ የጠማውን መግደል ይቅር። ያረጀውን ብቻ። ወጣት ያስገደለ መሪ የሚቀጥለውን ወቅት ቤቱ ይቀመጥ። ከገንዘቡ ደግሞ የገበሬው ድርሻ ማንም ሳይነካው አስቀድሞ ይድረስ፤ እርስዎ ያሉት ነው፤ ካልደረሰው ጫካውን ምን ብሎ ይጠብቃል? ስለ ቆጠራው ግን ማን ይቁጠር በሚለው እኛም ገና አልተስማማንም። ሁሉን እናውቃለን አልልዎትም።»

«አደኑ ይኑር ትያለሽ፣ አትተኩሱ ትያለሽ። እንግዳው ይምጣ ትያለሽ፣ የሚፈልገውን አትስጡት ትያለሽ። እኔ የቱን ልቃወም?»

«እሱንማ እኔ አልመርጥልዎትም» አለች፤ ፈገግታዋን ግን መደበቅ አልቻለችም።

አቶ ገሠሠ ስልካቸውን አወጡ። ኢያቄም ጋ ደወሉ። የደወሉላቸው ደንበኛ አገልግሎት ከሚሰጥበት ክልል ውጭ ናቸው አለቻቸው ሴትዮዋ። ደግመው ደወሉ። ሴትዮዋ አልደከማትም። ለምን እንደደወሉ፣ ቢያነሳ ምን እንደሚሉት ቢጠየቁ አያውቁም። ብቻ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ነው፤ ተኩስ ሊሰሙ እንደሚጠብቁ ሁሉ፣ ከለቡ ጎሚስታ ደጃፍ እስከ ባሌ።

ጎማው ተለጠፈ። ሁለቱም ስብሰባው ጋ ደረሱ።

አዳራሹ ውስጥ ንግግር በዛ። ባለድርሻ አካላት ስለ ባለድርሻ አካላት ብዙ ተናገሩ። የአቶ ገሠሠ ተራ ሲደርስ ሰብሳቢው አቶ ደምሰው ማይኩን አስጠጉላቸውና፣ «አባታችን፣ የማኅበሩ አቋም ድጋፍ ነው ተቃውሞ?» አሏቸው።

«ጎማ ቤት ድረስ ተቃውሞ ነበር» አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«አሁን የቱ እንደሆነ ግራ ገብቶኛል። ግን የገባኝን ልናገር። እኛ ረዥሙን ቀንድ ሽማግሌ እያልን ዘሩን የሚያቆመውን ስንመርጥ ከኖርን፣ ልጆቻችን ባዶ ተራራ ነው የሚወርሱት። ተቆጥሮ ቢሆን፣ ያረጀው ብቻ ቢሆን፣ ተራራው በየዓመቱ የሚሰጠው አያጣም፤ መሪውም ሥራ አያጣም። ገበሬው ድርሻው እጁ ከገባ ዘበኛ መቅጠር አያስፈልገንም፤ ራሱ ዘበኛ ነው። እጁ ካልገባ ግን ይህ ሁሉ መመሪያ የምሳ መጠቅለያ ነው። እዚህ ላይ ከማኅበሬ ጋር ልጣላ እችላለሁ። ቆጠራው ላይ ደግሞ ከእናንተ ጋር እጣላለሁ፤ ቢሮ ተቀምጦ አጋዘን አይቆጠርምና ተራራውን የሚያውቅ ሰው አብሮ ይውጣ። ጨርሻለሁ።»

«እና ምን ብለን እንመዝግበው?» አሉ አቶ ደምሰው።

«እንዳልኩት።»

ከማኅበሩ የመጡት ሰዎች ፊታቸውን አዞሩባቸው። ለሊሴ ከወዲያ ማዶ በአክብሮት ራሷን ዝቅ አደረገች። አቶ ገሠሠ ወንበራቸው ላይ ከመቀመጣቸው ስልካቸው ተንቀጠቀጠ። ኢያቄም ነው። እየተጣደፉ ወደ ደጅ ወጡ።

«አባዬ» አለ ልጁ፤ ድምፁ ሹክሹክታ ነው። «ጉብታው ላይ ነን፣ ኔትወርክ የሚመጣበት። ደውለህ አገኘሁ። ታየን አባዬ። ማዶ ዳገቱ ላይ ቆሟል፣ አንድ አምስት ሴቶች አብረውት አሉ። እንግዳው አነጣጥሮ እኔን እየጠበቀ ነው።»

«ጫፉን እይ።»

«ምኑን?»

«የቀንዱን ጫፍ። በመነጽር እይ። ሹል ነው ዶልዱሟል?»

በስልኩ ውስጥ የባሌ ነፋስ ብቻ ተሰማ።

«ሹል ነው። እንደ መርፌ። ምን አለበት ታዲያ? እንዲህ ያለ ቀንድ እኮ ከእንግዲህ አላገኝም።»

«ለዚያ ነው የምልህ ልጄ። አስተወው።»

«ምን ብዬ? ከፍሏል እኮ። ነገ ጥሎኝ ቢሄድስ? አንተ እኮ ነህ ረዥሙን ምረጥ ያልከኝ። ደግሞ ፈቃድ አለን። ምን ሆነሃል ዛሬ?»

አቶ ገሠሠ ሊያስረዱት ሞከሩ። ከዘራውን አነሱ፣ ኮርማውን አነሱ፣ ፉሪን አነሱ፤ ራሳቸው የሚሉት ተደበላለቀባቸው። ልጁ አንዱም እንዳልገባው ከትንፋሹ ያስታውቃል።

«አባዬ፣ ሊሄድብን ነው። በአንድ ቃል ንገረኝ።»

«አስተማምነህ ሽማግሌ ነው ልትለኝ ትችላለህ?»

«...አልችልም። አንተ ነህ ግራ ያጋባኸኝ።»

«እኔም ግራ ገብቶኛል። ጠመንጃ ሳስይዝህ የመጀመሪያ ቀን ምን አልኩህ? ያልለየኸውን አትተኩስ። ሌላ የምነግርህ የለኝም።»

ከዚያ ኢያቄም ለእንግዳው በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ሲለው ተሰማ፤ እንግዳው ተቆጥቶ መለሰ፤ ኢያቄም ደገመለት፣ ቀስ ብሎ፣ ጠንክሮ። አቶ ገሠሠ ቋንቋውን በአደን ዘመናቸው እንደነገሩ ለምደውታል፤ አሁን ግን ጆሯቸው ተኩሱን ብቻ ነው የሚጠብቀው።

«አባዬ።»

«አለሁ።»

«ጠመንጃውን አወረደ። ተቆጥቷል። አጋዘኖቹ ሄዱ፣ ጥሻው ውስጥ ገቡ።» ትንሽ ቆየና፣ «ሴቶቹ ቀድመው፣ እሱ ከኋላ» አለ።