የአባ ውሃልክ ግማሽ ኪኒና

እኔ ቁጭ ብዬ ነገር የምጠብቅ ሰው አይደለሁም። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» እያለችኝ ነው ያደግኩት። የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ደም መመርመር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ፤ ያን ዕለት ጠዋት ግን ከወትሮው የባሰ እጄም ልቤም አልረጋ አለኝ። የአንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነጭ የደም ሴል ለአምስተኛ ሳምንት ወርዶ አገኘሁት። ማሽኑን አላምን ብዬ በማይክሮስኮፕ ደግሜ አየሁ፤ ያው ነው። ውጤቱን ይዤ ደረጃውን ስሮጥ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተላተምኩና ወረቀቴም ከዘራቸውም መሬት ወደቀ።

ቀና ብዬ ባይ የድሮ ጎረቤታችን ናቸው፤ የዚያችው ልጅ አያት። ሃምሳ ዓመት ድንጋይ ሲገነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ግድግዳ በጣት ስፋት ከዘመመባቸው አፍርሰው ስለሚሠሩ ሰፈሩ ሁሉ «አባ ውሃልክ» ይላቸዋል።

«ቀስ በይ እንጂ ልጄ፣ ማን አባረረሽ?» አሉኝ።

«ይቅርታ አባባ። እግርዎን መታሁዎት?»

«እግሬስ ደህና ነው። ሪሁ እንኳ ኪኒናዬን መዋጥ ከጀመርኩ ወዲህ ትቶኛል። ይልቅ የልጅቷን ነገር ንገሪኝ። አራት ሰዓት ላይ ከዳሌ አጥንቷ መቅኒ ሊቀዱ ነው አሉ።»

ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ተኩል። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷን የደም ካንሰር ይዟት ታክማ ከደሟ ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነው። ተመልሶ እንዳይመጣ በየቀኑ የምትወስደው ኪኒና አለ። ሐኪሙ ደሟ ሲያንስ መጠኑን ሁለት ጊዜ ቀነሱላት፤ ደሟ ግን መውረዱን አልተወም። ስለዚህ በሽታው ተመልሷል ብለው ሰጉ። ተመልሶ ከሆነ ያ ከባድ ሕክምና ከአንድ ይጀመራል። ባይመለስም ነጭ ሴል በዚህ ካነሰ ተራ ጉንፋን ሊወስዳት ይችላል።

«እኔ የመጣሁት ወደ ቤት ልወስዳት ነው» አሉ አባ ውሃልክ። «የሚገድላት የእናንተ መድኃኒት ነው። መድኃኒት ማለት እንደኔው ነው፣ ሰው የሚስማማው። እሷም እግሬን አመመኝ ስትል ከራት በኋላ ግማሽ ግማሹን አካፍላታለሁ፤ እሱ ባይኖርማ ይሄኔ አልቆላት ነበር።»

ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። «ከመቼ ጀምሮ ነው አባባ?»

«ወር አልፎታል። አምስት ሳምንት ቢሆነው ነው።»

ኪኒናውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። ስሙን ደግሜ አነበብኩት። ቁጣዬ ገነፈለ፤ እኔ ደግሞ አፌ ከእግሬም ይፈጥናል። ሆኖም ሽማግሌ ላይ ጮኼ ልጅቷን እንደማላድናት ስለገባኝ ዋጥኩት።

«ለሐኪሙ ነግረዋቸዋል?»

«ምኑን? የኔ ኪኒና የኔ ነው። ከመንገድ አላነሳሁት፣ በሐኪም ነው የታዘዘልኝ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማሽም?»

«እሱ የተባለው ለምግብ ነው አባባ። ምግብ ሲካፈሉት ይባረካል። መድኃኒት ግን ለአንድ ሰው ተለክቶ የሚሰጥ ነው።»

«የተማረ ሰው ነገር ማካበድ ይወዳል» አሉና ከዘራቸውን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ።

ቀድሜ አነሳሁትና ያዝኩት። አሳፋሪ ነው፣ የሽማግሌ ከዘራ ማገት፤ ግን ቢሄዱብኝስ?

«ድንጋይ ከየት ነው የሚያመጡት፣ ቤት ሲሠሩ?»

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ግድ የለም፣ ይንገሩኝ።»

«ወይ ከድንጋይ ካባ አስፈልጬ እጠርባለሁ፣ ወይ ከፈረሰ ቤት ደህና ደህናውን እለቅማለሁ። የማይረባውን ፍርስራሽ ቀን ሠራተኛ አውጥቶ ይጥለዋል።»

«ሰውነትም እንደዚያው ነው። አዲስ ሴል ሲሠራ ኑክሊዮታይድ የሚባል ድንጋይ ይፈልጋል። ገሚሱን ራሱ ይጠርባል፣ ገሚሱን ከፈረሰው ይለቅማል። ጠራቢውም፣ ለቃሚውም፣ ፍርስራሽ አውጪውም ኢንዛይም ይባላሉ።»

«ቀን ሠራተኛ ነዋ።»

«አዎ፣ ምሳ የማይጠይቅ ቀን ሠራተኛ። ካንሰር ደግሞ ያለ ፈቃድ ሌት ተቀን የሚገነባ ሰው ነው፤ ድንጋይ አይበቃውም። የልጅቷ መድኃኒት የውሸት ድንጋይ ነው። መልኩ ልክ እውነተኛውን ይመስላል። ካንሰሩ እየለቀመ ይገነባበታል፣ ከዚያ ግንቡ አልነሳ ይለዋል።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ተንኮለኛ ነው ባካችሁ። እኔንም አንድ ጊዜ ሲሚንቶው ያነሰ ብሎኬት ሸጠውልኝ ጉድ ሠርተውኛል።»

«ችግሩ ከበሽታ የሚጠብቁን ነጭ ሴሎችም ቶሎ ቶሎ የሚገነቡ መሆናቸው ነው። የውሸቱ ድንጋይ ሲበዛ እነሱም ይቆማሉ። ስለዚህ ሐኪሙ መጠኑን ሲያዙ፣ ፍርስራሽ አውጪው ሠራተኛ በየቀኑ ብዙውን አውጥቶ እንደሚጥለው አስበው ነው።»

«እሺ፣ የኔ ኪኒና እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?»

«ሪህ የሚባለው፣ ያው ሠራተኛ ፍርስራሹን ፈጭቶ የሚተወው አቧራ የእግርዎ አውራ ጣት ላይ ሲከማች ነው። ኪኒናዎ የዚያን ሠራተኛ እጅ ነው የሚያስረው። ለእርስዎ ደግ አደረገ። እሷ ጋ ግን …»

አላስጨረሱኝም። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «እሷ ጋ የውሸቱን ድንጋይ የሚያወጣው ሰው ጠፋ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያም «ግማሽ እኮ ናት። ግማሽ ምን ታደርጋለች?»

«ግማሿም እጁን ታስራለች አባባ። ሐኪሙ የልጅቷን መድኃኒት ቢቀንሱም፣ የሚያወጣው ስለሌለ የቀረው ይጠራቀማል።»

እኔ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወጥቼ ወረድኩ።

«አንቺ ንገሪያቸው» አሉ በመጨረሻ። «የኔን ስም ሳታነሺ።»

«ስንት እንደሰጧት፣ ከየትኛው ቀን እንደጀመሩ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። የዘመመ ግንብ እኮ አፍርሰው ነው የሚሠሩት።»

«ድንጋይ አያፍርም፣ አያሳፍርም። እናቷ እዚያ ውስጥ አለች፤ ልጄ ናት። ከእንግዲህ ዓይኔን ታየዋለች?»

እውነቱን ልናገር፤ ታየዋለች ብዬ ልምልላቸው አልቻልኩም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል» ብቻ አልኳቸው።

«መድኃኒቱን የደበቀስ?» አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ደግፌ አነሳኋቸው።

አራት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ገባን። መርፌው ተዘጋጅቷል፤ ልጅቷ በጎኗ ተኝታለች፤ እናቷ እጇን ይዛለች። ሽማግሌው ኪኒናውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሁሉንም ተናገሩ፤ ቀኑን፣ መጠኑን፣ ለምን እንደሰጧት። ሐኪሙ መርፌውን መልሰው ሸፈኑት።

«ዛሬ መቅኒ አንወስድም» አሉ። «ሁለቱም መድኃኒት ይቁም፤ ደሟን እንጠብቃለን። ጥፋቱ ደግሞ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ ሌላ ምን ትወስዳለች ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም።»

እናትየው ግን አባቷን እያየች «አምስት ሳምንት ሙሉ፣ መድኃኒቱን አሳስቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ እያልኩ ሳለቅስ አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ አላናገረቻቸውም።

የሚቀጥለው ሦስት ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። ልጅቷ ለብቻዋ ክፍል ተሰጣት። በአራተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት፤ ሁላችንም ልናጣት ነው ብለን ፈራን። በመድኃኒት በረደላት። አባ ውሃልክ ቤት መዋል አልሆንላቸው ብሎ ኮሪደሩ ላይ ይውሉ ነበር። የሚያገኙትን አስታማሚ ሁሉ ይዘው የራሳቸውን ጥፋት ሳያፍሩ ይነግሩታል። «ያለህን ኪኒና፣ የጎረቤትህንም፣ ሥራ ሥሩንም ሁሉ በአንድ ከረጢት ከተህ ሐኪሙ ፊት ዘርግፍ። አንዱን ሰው የሚያድን ሌላውን ይገድላል። ብትናገር ብታፍር ነው፣ ልጅህ ግን ትተርፍልሃለች» ይላሉ። ሰውም ሰማቸው። አንዲት እናት ለታመመ ልጇ የአክስቱን ኪኒና ስትሰጥ እንደነበር ተናግራ በጊዜ ተደረሰበት። ሐኪሙም በየካርዱ ላይ «ቤት ውስጥ ሌላ የሚወስዱት አለ?» የሚል ጥያቄ አስጻፉ። ይህን ሁሉ እኔ በትምህርቴ አላመጣሁትም፤ ያመጣው የአንድ ሽማግሌ አፍ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ማለቂያ ስድስት መቶ የነበረው ነጭ ሴሏ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሆነ። በማይክሮስኮፕ ደጋግሜ ፈለግኩ፤ መጥፎ ሴል አንድም የለም። ወረቀቱን ይዤ በረርኩ። ሐኪሙ አይተው ለእናትየው ሰጧት። አባ ውሃልክ በሩ ላይ ቆመዋል፤ መግባት ፈርተዋል።

«እማዬ፣ ምን ይላል?» አለች ልጅቷ።

እናቷ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ ተነስታ በሩ ድረስ ሄደችና በአባቷ እጅ ላይ አኖረችው።

«አባዬ፣ አንተ ንገራት» አለች።