የተናገረ ይቁምበት

የልጅ ልጄ የተቃጠለ እጇን ፋሻ ልታስቀይር ገብታ፣ እኔ ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ስብሰለሰል አሠሪዋ ደም ግፊታቸውን ሊለኩ መጡ። የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ባለቤት ናቸው። እንዳላየ ልሆን ፈልጌ ነበር፤ አንጀቴ እምቢ አለኝ።

«እግዜር ይማራት፣ እትዬ። ልጅ ናት፤ ቶሎ ይሽርላታል» አሉኝ።

«አሜን። ግን የእንፋሎት ካውያው ቱቦ ተሰንጥቋል ብላ ነግራዎት አልነበረም?»

«ነግራኛለች። ሠራተኛ መቼ ሳያማርር ይውላል? ዛሬ ቱቦው፣ ነገ ወንበሩ፣ ከነገ ወዲያ የእኔም ፊት አላምር ይላቸዋል!»

«እና ምን አሏት?»

ሰዓታቸውን አዩ። እኔ ግን አውቀዋለሁ። እዚያ ቤት ጉድለት ያመለከተ ሰው እዚያው ጉድለቱ ላይ ይመደባል። የእሷ ሥራ ልብስ ማጠፍ ነበር፤ «ካወቅሽበት አንቺው ቁሚበት» ብለው ካውያው ላይ አቆሟት።

«ደንቡ ወሬኛን ለማረም ነው» አሉ። «ካወጣሁት ወዲህ ስሞታ የለም፤ ቤቱ ሰላም ነው።»

«ፍርሃት ነው እንጂ ምን ሰላም አለ፣ ጌታዬ? የሠራተኞቹን አፍ ዘጉ፤ ቱቦውን ግን አልደፈኑትም። ለመሆኑ አሁን ማን ቆሞበታል?»

«ጓደኛዋ።»

«በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ ይደውሉና ይጠይቋት!»

እኔን ለማሳፈር መሰለኝ፣ ደወሉ፤ እንድሰማም ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ቱቦው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ጋሼ። ምንም አይልም።»

ልጅቷ ይህን ስትል እንፋሎቱ ከኋላዋ ያፏጫል። ሁለታችንም ሰማነው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አጥፊው! አሁኑኑ አጥፊና ራቂ!»

ስልኩን ዘግተው፣ «ዋሸችኝ» አሉ።

«ያስተማሯትን መለሰችልዎት። ሠራተኛ ያየውን ሲነግርዎት የሚጠቀሙት እርስዎ ነዎት፤ ማሽኑ ሳይፈነዳ ይጠገናል፣ የደንበኛ ልብስ አይበላሽም፣ የሰው ልጅ ገላም ይተርፋል።»

«ልክ ነዎት፣ እትዬ። ደንቡ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ቱቦው ሳይቀየር ማንም አይነካውም።»

የልጅ ልጄ ስትወጣ ከመቀመጫቸው ተነሡላት። «ልጄ፣ ሌላስ ምን ጉድለት አለ? ንገሪኝ፤ እሰማሻለሁ።»

እኔን አየችኝ። እንድትናገርም እንዳትናገርም ፈራሁላት።

«ብነግርዎት ማን ሊቆምበት ነው?» አለች።

ባለቤቱ አንገታቸውን ደፉ። «እኔ።»

«ወለሉ ሲረጥብ የትልቁ ማጠቢያ ሽቦ ይነዝረናል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆይቷል። ሁላችንም እናውቃለን።»

ወዲያው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለመጥራት ስልካቸውን አወጡ። ላመሰግናቸው አፌን ከፈትኩ፤ እጇን ሳይ መልሼ ዘጋሁት።