የካፒቴኑ ሰባት ቤት

(አዲስ አበባ፣ ሳሪስ፤ የጠፈር ድራማ በሚቀረጽበት መጋዘን፣ የሽማግሌውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት አንጋፋው ተዋናይ ጋሽ ደርብ የካፒቴኑን ሠርግ ምርቃት ጥለው ከኮምፔርሳቶ ከተሠራው መንኮራኩር ወጥተዋል፤ ደራሲው ሚልኪያስ ከኋላቸው ይከተላል።)

ጋሽ ደርብ፦ አልመርቅም አልኩ፣ አልመርቅም! ሰባት ቤት ሳይቆጠር ማንን ነው የምመርቀው?

ሚልኪያስ፦ ጋሼ፣ ጠፈር ላይ እኮ ነን! እዚያ ምን ሰባት ቤት አለ?

ጋሽ ደርብ፦ ጠፈሩ ያንተ ነው፤ ፊቱ ግን የኔ ነው። ሰፈሬ ውስጥ የእውነት ሽማግሌ ነኝ። ነገ እድር ላይ «ዘመድ ከዘመድ ያጋባው መጣ» ቢሉኝስ? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ ልጄ። ቁጠር!

ሚልኪያስ፦ እሺ። የካፒቴኑ አባት የማርሱ ገዢ ነው።

ጋሽ ደርብ፦ የማርሱ ገዢ? «ዘር ሳይተካ ሞተ» ብዬ ክፍል ዘጠኝ ላይ ያለቀስኩት እኔው አይደለሁም እንዴ?

ሚልኪያስ፦ ያኔ የሞተው ቅጂው ነው።

ጋሽ ደርብ፦ ለቅጂ ነው ያን ሁሉ እንባ ያስፈሰስከኝ? ይሁን። የሙሽሪትስ እናት?

ሚልኪያስ፦ የካፒቴኑ እህት...

ጋሽ ደርብ፦ እህት!

ሚልኪያስ፦ ቅጂዋ! እህቱን የምትጫወተው ልጅ ሌላ ድራማ ስትገባ ገደልኳት። ከዚያ ተመለሰች። ምን ላድርጋት? ቤተ ሙከራ ውስጥ የተሠራች ቅጂ አልኳት።

ጋሽ ደርብ፦ ደሟስ?

ሚልኪያስ፦ ያው... የእህቱ ነው።

ጋሽ ደርብ፦ ልጅቷን ለገዛ አጎቷ ልትድር ነዋ! ይህን ነው መርቅ የምትለኝ?

ሚልኪያስ፦ በማደጎ ያሳደገቻት ናት ብንልስ?

ጋሽ ደርብ፦ ክፍል ሠላሳ ላይ እናትየዋ እሷን ስታምጥ እጇን ይዤ ነበር። ሙሉ ሃያ ደቂቃ ነው ያማጠችው።

ሚልኪያስ፦ ጠፋኝ ጋሼ። በእውነት ጠፋኝ። አንዱን ስፈታ ሌላው ይቋጠራል። የዘር ሐረጋቸውን ግድግዳ ላይ ብጽፈው ግድግዳው አለቀብኝ። የቴሌቪዥን ጣቢያው ደግሞ ሠርጉ ዛሬ ካልተቀረጸ ድራማውን አቆማለሁ ብሏል። ይኼ ሁሉ ሰው ሥራ ሊፈታ ነው።

ጋሽ ደርብ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ተመልካቹ አንድ የሚወደው፣ አንድ የሚጠላው ሰው ቢያገኝ ይበቃው ነበር። አንተ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት አባት አደልክ። በል ሠርጉን ሰርዘው።

ሚልኪያስ፦ አይሰረዝም።

ጋሽ ደርብ፦ ለምን አይሰረዝም?

ሚልኪያስ፦ ልጅ ይወልዳሉ። ልጁ ከሚመጣው ዘመን ወደ ኋላ ተመልሶ፣ እዚሁ መንኮራኩር ላይ ማንነቱን ደብቆ ያረጀ ነው። በሚቀጥለው ክፍል ይገለጣል፤ ማስታወቂያው ወጥቷል።

ጋሽ ደርብ፦ ደግሞ ማን ነው እሱ መዘዘኛ?

ሚልኪያስ፦ እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ዛሬ ካልመረቋቸው እርስዎ ራስዎ አይወለዱም።