ብርድ ልብስ ለዝሆን

እስቲ ያንን ጫፍ ያዥልኝ ጎረቤቴ። እንዲያ… ሳብ አድርጊው። አንሶላ ለብቻ ማጠፍ መከራ ነው፤ ክንድ ያጥራል። ጨርቅ የሚያውቅ እጅ ደግሞ ያስታውቃል፤ ልብስ ሰፊ ጎረቤት ያለው ሰው ምን ይጎድለዋል? የስፌት መኪናሽስ ተሠራልሽ? ጎሽ! ድምፁ ሲጠፋብኝ እኮ ሰፈሩ ባዶ የቀረ መስሎኝ ነበር።

አይ፣ ሳሎን አንገባም። እንግዳ ሞልቶታል፣ ወንበርም የለ። እዚሁ ኮሪደሩ ላይ ይሻለናል፤ በሩ ገርበብ ያለ ነው፣ የሚያወሩትን እንሰማለን። እነሱም ቢሰሙን ምን አለበት? ክፉ አላወራን! እኔ ሰው ሳማ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ሰማሽ ያንን ሳቅ? ፎቶ እየታየ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ላይ። ከሳፋሪ የተመለሰች ሰው አለች… ስም ምን ያደርጋል። ከባለቤቴ ጋር አንድ ጡት የጠባች ናት ብልሽ ይበቃል።

እኔ ሳፋሪ ሲባል መኪና ላይ ተቀምጦ አንበሳ ማየት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ተሻሽሏል! ጠዋት በጎ ፈቃደኛ፣ ከሰዓት ጎብኚ። ጠዋት የጎማ ጫማሽን አድርገሽ እናቱ የሞተችበትን የዝሆን ግልገል ጡጦ ታጥቢያለሽ፣ በረቱን ትጠርጊያለሽ። ከሰዓት ደግሞ አስጎብኚው ጣራው ክፍት በሆነ መኪና እያዞረ ቀጭኔ ያሳይሻል። ሌላው ሰው ሠርቶ ይከፈለዋል፤ እሷ ከፍላ ትሠራለች። ይሄ ጽድቅ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ለነገሩ እዚህም ቤት በነፃ የሚጠረግ አልጠፋም ነበር… ግን እዚህ ቀጭኔ የለም።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ለሷ ይሄ ተረት አይሠራም። እሷ በማያውቋት አገር ሄዳ ቁርበቱን ራሷ ያነጠፈች ሰው ናት… ለዝሆን።

አጥፊው በዚህ በኩል። አዎ፣ ጫፍ ከጫፍ። የአማቴ፣ የእማማ አንሶላ ነው፤ ዛሬ ደጋግሜ ቀየርኩት። ሆዳቸው አልስማማ ብሏቸዋል።

የእንግዳችን አፍንጫ ምን ያህል ስስ እንደነበር ታስታውሻለሽ? ሽታ አይሆንላትም ነበር እኮ። አማቴ አልጋ የያዙ ሰሞን ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «እኔ እማዬን እንዲህ ሆና ማየት አልችልም፣ ሆዴ አይችልም» ብላ፣ የያዘችውን አበባ ለኔ አስጨብጣ ሄደች። ሆደ ቡቡ ናት። አሁን ግን ቆማ የዝሆን ፋንድያ በአካፋ ስትዝቅ በገዛ ዓይኔ በፎቶ አየሁ። ፈገግ ብላ! ተመስገን ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? አፍንጫዋ ዳነላት።

የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል አሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤትም ይላሉ… እሱስ እንዳንቺ ያለውን ነው። እኛ ቤት ደግሞ ከቅርብ እናት የሩቅ ዝሆን ሆኗል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ተረት አለው።

ትናንት ምሳ ላይ ያስተማረችንን ብነግርሽ ትደነቂያለሽ። የዝሆን ግልገል ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ሲንከባከበው ያንን ሰው ይለምዳል አለች። ሰውየው አንድ ቀን የቀረ እንደሆነ ወተቱን እምቢ ይላል፣ ይከሳል፣ እስከ መሞት ይደርሳል። ስለዚህ ምን አደረጉ መሰለሽ? ተራ ገቡ! ዛሬ አንዱ አብሮት ካደረ ነገ ሌላው ይተካዋል። ግልገሉም ሁሉንም ይለምዳል፣ ሠራተኛውም ወገቡ አይቆረጥም። ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ሰማናት። ባለቤቴ «ይሄማ ብልሃት ነው!» አለ። እኔም ሾርባ እየቀዳሁ «ብልሃት ነው» አልኩ። ተራ መግባት… ማን አስቦት ያውቃል? ይሄንን ዕውቀት ከጫካ ይዛልን እስክትመጣ በድንቁርና ስንኖር ከርመን!

እማማ እኮ ከኔ እጅ በቀር አይጎርሱም። ባለቤቴ ማንኪያውን ሲያቀርብላቸው አፋቸውን ግጥም ያደርጋሉ። አንድ ሰው ለምደዋል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዝሆን አሳድጌ አላውቅ!

ስሜን ከረሱት ቆዩ። በማን ስም እንደሚጠሩኝ ታውቂያለሽ? በልጃቸው። «መጣሽልኝ?» ይሉኛል እጄን ይዘው። እኔም «መጣሁ» እላለሁ። ምን ልበላቸው? ልጅዎ በረት እየጠረገች ነው ልበል? እንዲያ ሲሉኝ አዝናለሁ ጎረቤቴ፤ ለሳቸውም፣ አልዋሽሽም ለኔም።

ደግሞ ልጄ ቀኗ ደርሷል፤ የመጀመሪያዋ ነው። በስልክ «እማ፣ ሳምጥ አጠገቤ ትሆኛለሽ አይደል?» ስትለኝ እሺ ብያለሁ። እናት እሺ ሳትል ምን ትላለች? አሁን ሳሎን ያለችውን እንግዳችንን ለመንኳት፤ «ልጄ ወልዳ ቀና እስክትል ድረስ ብቻ እማማን ያዥልኝ» አልኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? «ምነው ደስ ባለኝ! ግን ለዝሆኖቹ ካምፕ ቃል ገብቻለሁ፣ አንበሳ ቆጠራ አለ።» እንግዲህ ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ እኔ እንዴት አድርጌ ቃልሽን እጠፊ እላታለሁ? አልሸሹም ዞር አሉ የሚል ምቀኛ ይኖራል፤ እኔ አልልም። አንበሳው ሳይቆጠር ቢቀርስ? እናት እንደሆነች አንድ ናት፤ ቆጠራ አያስፈልጋትም።

ያንን አረንጓዴ ብርድ ልብስ ታስታውሺዋለሽ? ጠርዙ ሲተረተር አንቺ የቀመቀምሽውን። እማማ እሱን አገጫቸው ድረስ ካልሳቡ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ታዲያ ለካ በጎ ፈቃደኞቹ አሮጌ ብርድ ልብስ ይዘው እንዲመጡ ታዘው ኖሯል። ግልገሉ ጡጦውን ሲጠባ ኩምቢውን ያስደግፍበታል፤ የእናቱ ሆድ ይመስለዋል አሉ። እሷም በመሄጃዋ ዕለት ልትሰናበተን መጣችና ገመድ ላይ የተሰጣውን አየች። አርጅቷል… ማን ይፈልገዋል? አጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። ሳትነግረን! ሐሳብ እንዳይሆንብን ብላ ነው መቼም። እኛ ደግሞ ሌባ ገባ ብለን ሰፈር ስናምስ ሰነበትን። ያንን የጥበቃ ሰውዬ በክፉ ዓይን ያየሁት ሁሉ… ይቅር ይበለኝ።

ትናንት ታዲያ ስልኳን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ለእናቷ ልታሳያቸው። መነፅራቸውን አደረግሁላቸው። ፎቶው ላይ እሷ ጡጦ ይዛ ቆማለች፣ ግልገሉም ይጠባል። እማማ አዩ… አዩ… «ይቺ ደግ ልጅ የማን ናት?» አሉ። «እናቷ እንዴት ታድላለች!»

ከዚያ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና፣ «ውይ! ይሄ ዝሆን የኔን ብርድ ልብስ ምን ያደርጋል?» አይሉም? በሞቴ! ልጃቸውን አላወቋትም፣ ብርድ ልብሳቸውን አወቁት። አእምሯቸው ደክሟል ያለው ሐኪም መጥቶ ይስማ።

እሷ ብድግ ብላ ወጣች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። የሳፋሪ አቧራ እንዲህ አይለቅም እንዴ? እውነቴን ነው፣ አሳዘነችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይሄ እኮ ነው የሚያናድደኝ! ላቅፋት እጄን ስዘረጋ ስልኳ ጮኸ፤ ከካምፑ ነበር። «የኔ ቆንጆ፣ በላልሽ?» ስትል ሰማኋት። ስለ ግልገሉ መሆኑ ነው። እጄን ሰበሰብኩና ወደ ሾርባዬ ሄድኩ።

እንግዲህ እኔ ወደ ልጄ መሄጃ ቲኬቴን ቆርጫለሁ። ነገ በጠዋቱ አውቶብስ ነው። ባለቤቴ ያውቃል። እሷ? አይ፣ እስካሁን አልነገርኳትም… አሁን ግን የሰማች አይመስልሽም? ሳሎኑ ምነው ጭጭ አለ?

ውይ! መጣሽ እንዴ የኔ እመቤት? ምነው ፎቶው አለቀ? ኧረ አንቺን ማን አማሽ! ስለ ዝሆን ነው የምናወራው። ነይ፣ ይሄንን ጫፍ ከጎረቤታችን ተቀበያት፤ ደንበኛ ይጠብቃታል። በደንብ ያዢው እንጂ፣ አይናከስም። ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፤ ለብ ያለውን ነው የሚወዱት። በግራ ጎናቸው አታስተኚያቸው፣ ያማቸዋል። በማንኪያ ነው፤ ጡጦ አልደረሳቸውም። መጀመሪያ እምቢ ይሉሻል፤ ታገሺ፣ ትዕግሥቱንስ ካንቺ ወዲያ ማን ተምሮት? ሲጠሩሽ አቤት በይ። ስሙ ያንቺው ነው፣ አይጠፋሽም።

ታለቅሻለሽ እንዴ? ተይ እንጂ! እኔ እኮ ኮርቼብሽ ነው። ለባዕድ ፍጥረት እንዲህ የሆነ ልብ ለወለደች እናትማ… እንጃ፣ ቃል አጠረኝ። በይ እሺ፣ ከመሄዴ በፊት ልመርቅሽ፤ ጎረቤቴ አንቺም አሜን በይ። እግዜር ይባርክሽ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥሽ። አልጋ ይዘሽ እጅ በምትናፍቂበት ቀን ጧሪ አያሳጣሽ። የወለድሻቸው ልጆችም አንቺን ይምሰሉልሽ የኔ እናት… ቁርጥ አንቺን!