ጋሽ ገብረኪዳን የተከተሏት ፈረንጅ

ባልደረቦቼ፣ እትዬ ፍቅርአዲስ፣ ከሁሉም በላይ ጋሽ ገብረኪዳን፤ እባክዎ ዘና ይበሉ። ከዚህ የጡረታ ሽኝት ንግግሬ ወረቀት ጀርባ የተጻፈ ነገር የለም። ቅድም ተቀብለውኝ ገልብጠው አይተውታል!

ያኔ ላልነበራችሁ ልንገራችሁ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ጋሽ ገብረኪዳን ምክትል ርዕሰ መምህር ሆነው እዚህ ኢዲዶ ትምህርት ቤታችን ሲመጡ፣ ከሞተር የወረዱት በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው የራሳቸውን ጓጉንቸር ይዘው ነው። መምህር ሳዳም «ይሄ ሰውዬ ተቆጣጣሪ ነው፤ ከላይ ተልኮብን ነው» አለን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደወል ሳይደወል ክፍል ገባን። በኋላ ስንነግራቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እኔም አስተማሪ ሁሉ በሰዓቱ ሲገባ ሳይ፣ እዚህ ቤት የሚደበቅ ነገር አለ ብዬ ነበር!»

እኝህ ናቸው። «እንደምን አደሩ?» ሲሏቸው «ምን ሰማሽ?» የሚሉ። ሻይ ሲቀርብላቸው «አንቺስ ለምን አልጠጣሽም?» የሚሉ። ስናጉረመርም ደግሞ «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር!» ብለው የሚዘጉን።

ከስምንት ዓመት በፊት በጎ ፈቃደኛ ፈረንጆች መጡልን። አብዛኞቹ ክፍል ቀለም ቀብተው በሳምንት የሚመለሱ ነበሩ። ሲልኬ የምትባለው ወጣት ግን አንድ ዓመት ተቀምጣ እንግሊዝኛ ልታስተምር ነበር የመጣችው። እኛ ተደስተን ልጆቹን የአቀባበል መዝሙር ስናለማምድ፣ ጋሽ ገብረኪዳን በር ላይ ቆመው «አገሩ የሞላለት ሰው እኛ ጭቃ ውስጥ ምን አመጣው?» ይላሉ።

በሦስተኛው ቀን የቡድኑ መሪ ካሜራውን አወጣና፣ ልጆቹ ለፎቶ ጫማቸውን እንዲያወልቁ በአስተርጓሚ ጠየቀ። እውነቱን ልናገር፤ እኔ ጎንበስ ብዬ የአንዷን ማሰሪያ መፍታት ጀምሬ ነበር። እንግዳው ቅር እንዳይለው ብዬ።

ጋሽ ገብረኪዳን ስሜን ጠርተው «ትንቢት፣ ተይ!» አሉኝ። ወደ ሰውዬው ዞረው «ባዶ እግር ማሳየት ከፈለግህ የራስህን አውልቅ» አሉት። አስተርጓሚው መተርጎም ፈራ። እሳቸው ራሳቸው በእንግሊዝኛ ደገሙለት። ካሜራው ወደ ቦርሳው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ሲልኬንም ማመን ተዉ። እሷ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ቦርሳዋን አንግታ ብቻዋን ቁልቁል ትወርዳለች። «የት ነው የምትሄደው? የማንን ድህነት ነው የምትጽፈው?» ይሉኛል። አንድ ሐሙስ በዝናብ ተከተሏት። እንሰት ውስጥ ተሸሽገው አንድ ቤት ደጃፍ ሲመለከቱ ውሻ ጮኸባቸው፤ ወደ ኋላ ሲሉ ለቡና ችግኝ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገቡ! ሲልኬ ሮጣ መጥታ እጃቸውን ያዘች።

«ጋሽ ገብረኪዳን! እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«እንሰት እያየሁ ነው።»

የቤቱ እመቤት ወጡና በጌዴኦኛ ለዛ ባማረ አማርኛቸው «ይሄ ፈረንጅ ልጄን ያስተምራል። አንተስ እንሰቴ ውስጥ ምን ጠፋብህ?» አሏቸው። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ እየሳቁ።

ልጅቷ ኤልቤቴል ነበረች፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ሰሌዳው አልታያት ብሎ ከትምህርት ከቀረች ወራት አልፏል። የክፍሏ አስተማሪ እኔ ነበርኩ። ሰነፍ ናት ብዬ ትቻታለሁ። ሲልኬ ግን ፊደሉን በካርቶን ላይ አግዝፋ እየጻፈች፣ ቤቷ ድረስ እየሄደች ታስጠናት ነበር።

ጋሽ ገብረኪዳን ጭቃቸውን ሳይጠርጉ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አነሥተው አዩ። ሲልኬንም ይቅርታ ጠየቋት። ቀጥለው ግን «መቼ ነው የምትሄጂው?» አሏት።

«ከሦስት ወር በኋላ።»

«ከዚያስ?»

ሲልኬ አለቀሰች።

በሳምንቱ ጋሽ ገብረኪዳን እናትና ልጅን ይዘው ዲላ ወርደው ዓይን ሐኪም አስመረመሯት። ኤልቤቴል መነጽር አድርጋ ክፍሌ ውስጥ ከፊት ወንበር ላይ ስትቀመጥ፣ ቀና ብዬ ላያት አፈርኩ። ሲልኬ አገሯ ከገባች በኋላ ደግሞ፣ ኤልቤቴል ያመለጣትን ትምህርት ለማካካስ ሐሙስ ሐሙስ ቁልቁል የሚወርዱት እሳቸው ሆኑ። ሁለት ዓመት ሙሉ። ልጅቷ ዛሬ ይርጋጨፌ አሥረኛ ክፍል ናት። ፈተና ላይ ሆና ነው ያልመጣችው።

አንድ ቀን «ለመሆኑ ሲልኬን አመኗት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እሷን አመንኳት። የላኳትን ግን እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ» አሉኝ።

ጋሽ ገብረኪዳን፣ ጥርጣሬዎ ብዙ ጊዜ አሰልችቶናል፤ አልዋሽም። ግን እኔ እንግዳውን ላስደስት ስጎነበስ፣ እርስዎ የልጆቹን ፊት እያዩ ነበር። ያኔ ከማፈሬ የተነሣ አላመሰገንኩዎትም። አሁን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አመሰግንዎታለሁ። አስተማሪ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ! ለጋሽ ገብረኪዳን ጤናና ረጅም ዕድሜ። ለእትዬ ፍቅርአዲስ፣ ከነገ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ተጠራጣሪ የሚችሉበት ትዕግሥት! የልጅ ልጆችዎን ለመዳር ያብቃዎት፤ ጉልበትዎ አይክዳዎት፤ ደጅዎ ሰው አይጣ። ለጤናዎ!