ከዝርዝሩ ያልወጡት ሸማኔ

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን ግብዣ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ "ሲስተር ዓለምነሽ፣ ቶሎ!" ስትሉኝ ኖራችሁ ዛሬ "አረፍ በይ" ስላላችሁኝ ደግሞ በተለይ!

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት በምን እንዳሳለፍኩ ታውቃላችሁ፤ የሰው ዓይን ላይ ጄል ስቀባ። ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ሲጨምር ከዓይን ጀርባ ያለው የነርቭ ሽፋን ያብጣል። ራስ ቅል ሳይበሳ ይህን በአልትራሳውንድ ማወቅ ይቻል እንደሆነ እየፈተሽን ነበር። አንዲት የዊንጌት እናት "አልትራሳውንድ" ስላቸው ምን አሉኝ? "ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ዓይኔ አረገዘ ልትዪኝ ነው?"

ሃምሳ ሰባት ሰው ለካን። ከሲቲ ስካን ጋር ሲመሳከር መሣሪያው አንዴም አልሳተም። ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር ሶሬሳ ኮሪደሩ ላይ በደስታ ማፏጨት ጀምረው ነበር።

ከዚያ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ አቶ ሾዴ መጡ። ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል። "አንዱ ክር ሁለት እየሆነ አስቸገረኝ" አሉኝ። ለካኋቸው፤ ደህና። ደገምኩ፤ አሁንም ደህና። የሲቲ ስካን ወረፋቸው ከሳምንት በኋላ ነው። ታዲያ እንዲህ የሚሆን ሰው ደህና ነው ተብሎ ይሸኛል? ልቤ እምቢ አለኝ። ዶክተርን ለምኜ ሲቲ ስካኑን ያኔውኑ እንዲነሱ አደረግኩ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሟል! በዚያው ዕለት ቀዶ ጥገና ገቡ።

ውጤቱን ስናጠናቅር ዶክተር ሶሬሳ፣ "ሲስተር፣ ሲለኩ ዓይናቸውን አንቀሳቅሰው ይሆናል። ከዝርዝሩ ብናወጣቸውስ?" አሉኝ።

"የለካሁት እኔ ነኝ፤ አላንቀሳቀሱም። እሳቸው ከወጡ የእኔንም ስም ከጥናቱ ጽሑፍ አብረው ያውጡልኝ" አልኩ።

ሁለት ቀን ተኳረፍን። በሦስተኛው ቀን መጥተው፣ "ትክክል ነዎት። ሸማኔው ይግቡ" አሉኝ። ዶክተር፣ ያን ቀን ይበልጥ አከበርኩዎት።

ጽሑፋችን አሁን እንዲህ ይላል፦ ምርመራው ይረዳል፤ ምልክት ያለበትን ሰው ግን በእሱ ብቻ "ደህና ነህ" ብሎ መሸኘት አይቻልም። አቶ ሾዴም ሥራቸው ላይ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ጎራ ብል ከሽመናቸው ቀና እንኳ ሳይሉ "ጄሉን ይዘሽ ከሆነ ተመለሺ!" አሉኝ።

እንግዲህ እኔም ታምሜ የመጣሁ እንደሆነ፣ አደራ፣ ደህና ነሽ ብላችሁ በቶሎ አትሸኙኝ። እጃችሁ የነካው ይዳን። የተሳሳታችሁ ቀን "ተሳስቻለሁ" የምትሉበትን ድፍረት ጌታ ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፣ ቤታችሁ ሳቅ አይጣ።